ሁለቱ በርሜሎች

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እቴቴ ሸዋረጋ አስማረ
ሪሚኒ፣ ኢጣሊያ

ባሕር ቢለየንም ናፍቆት ያልለየን እቴቴ፣ እንደምን ከርመዋል? እኔ፣ ባለቤቴ መንበረና ልጆቹ ለክፉ አንሰጥም። እናትዎ አክስቴ እናኑም ዳባት ደህና ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ በገበያተኛ እጅ አንድ ቁና ባቄላ ልከውልን «ልጄ ጽፋለች ወይ?» ብለው አስጠይቀዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ተቸግሬ ነው። አምና በሚሠሩበት ሆቴል የመዋኛውን ውሃ የሚጠብቁት እርስዎ መሆንዎን ሲጽፉልኝ «ውሃም እንደ ከብት ይጠበቃል እንዴ?» ብዬ ስቄ ነበር። የሳቅሁበት ደረሰብኝ። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር አዲስ የእንግዶች ክበብ ተሠርቶ፣ ሦስት መቶ ሜትር ኩብ የሚይዝ መዋኛ ተቆፍሮለታል። እኔ እንደሚያውቁት የጤና ጥበቃ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ የጉድጓድ ውሃና የሽንት ቤት ቁጥጥር ነበር። «ክሎሪን የምታውቅ አንተ ነህ» ተብዬ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ተዛውሬያለሁ።

ከእኔ በፊት በላቸው የሚባል ጎበዝ ልጅ ይዞት ነበር። በጥቅምት ትልልቅ እንግዶች በመጡ ዕለት ውሃው ጎመን መስሎ ተገኘ። «አሻጥር ነው» ተባለ። በማግሥቱ ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት፤ እስካሁን አልተመለሰም። ባለቤቱ ይርገዱ በየቀኑ ስንቅ ታደርሳለች። ሳሕኑ ታጥቦ ይመለስላታል፤ ስለዚህ ደህና ነው ማለት ነው።

ችግሬ ይኸውልዎ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ የክበቡ ኃላፊ ቆሞ እያየ፣ የክሎሪን ዱቄቱን እንበትናለን። ወዲያው ስመረምረው የመመርመሪያው ጠብታ ደማቅ ቢጫ ያሳያል፤ ክሎሪን አለ ማለት ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመረምረው ምንም የለም። እጥፍ ባደርገውም ያው ነው። ማን ይጠጣብኛል? መዋኛው የሚመረቀው ሚያዝያ 23፣ በላብ አደሮች ቀን ነው። እስከዚያ ውሃው እንደሚጠራ፣ ካልጠራም ተጠያቂው እኔ እንደሆንኩ ፈርሜያለሁ። እባክዎ የሚያውቁትን ሳይሰስቱ ይጻፉልኝ።

አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!
ታናሽ ወንድምዎ ላቀው


ሪሚኒ፣ ጥር 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለላቀው፣

በዓለ ጥምቀቱን በሰላም ያሳልፍህ ብዬ ሰላም እልሃለሁ። ቀኑን በእኛ የቆጠርኩት ሮም ካሉት ቄሳችን በወሰድኩት የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ዛሬ እናንተ ፋሲል መጥመቂያ ውሃ ስትራጩ እኔ ባዶ ሆቴል ውስጥ መስኮት እወለውላለሁ። ክረምት ስለሆነ እንግዳ የለም። እናቴ ባቄላ ላከች ስትለኝ አለቀስኩ። ጉልበቷን በምን ታሸዋለች?

ምነው ደግሞ ለእኔ መፈክር? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ ልጅ በደብዳቤ ስትፎክርብኝ ሳቄ መጣ። ሞትን ምን አመጣው፤ ስምህን ጽፈህ ዝጋው።

ወደ ጉዳይህ። ክሎሪንህን የምትበላብህ ፀሐይ ናት። ሌላ ሌባ አትፈልግ። የእኛ አገር ደጋ ነው፣ ፀሐዩ አያቃጥልም እንላለን፤ አለቃዬን ብጠይቀው ግን «አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ክሎሪኑ ቶሎ ይሞታል» አለኝ። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ነጭ አሸዋ የሚመስል ማረጋጊያ ነው። እሱ ራሱ ክሎሪን አይደለም፤ ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚከልል ጥላ በለው። ለአንድ ሜትር ኩብ ሠላሳ ግራም፣ ላንተ ዘጠኝ ኪሎ ይበቃል። ቶሎ ስለማይሟሟ በአሮጌ የሴት ካልሲ ቋጥረህ ውሃው በሚገባበት በኩል አንጠልጥለው፣ በየቀኑም እሸው። አንዴ ከገባ ፀሐይ አትጨርሰውም፤ የሚወጣው ውሃው ሲቀየር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የለመድከውን ዱቄት መጨመር ነው። እሱንም ጠዋት ሳይሆን ፀሐይ ስትገባ። ለኃላፊው ደስ እንዲለው ብለህ ለፀሐይ ቁርስ አታቅርብላት።

ሁለተኛው እንክብል ነው። ክሎሪኑም ማረጋጊያውም አብረው ተጠፍጥፈዋል። ቀላል ነው፤ ሰነፍ ይወደዋል። ግን እንክብሉ በገባ ቁጥር ማረጋጊያው እየተከማቸ ይሄድና ክሎሪኑን አስሮ ይይዘዋል። ያኔ ውሃው ለዓይን ጠርቶ ተሕዋስ አይገድልም። ምርጫው ካለህ የመጀመሪያውን ያዝ።

ያ በላቸው የምትለው ልጅ እንዴት ሆነ? ፀሐይ ለሠራችው ሥራ ሰው ይታሰራል? ይህን ደብዳቤ አሳያቸውና ልጁን ይፍቱት።

የድንግል ልጅ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።
እቴቴ ሸዋረጋ


ጎንደር፣ የካቲት 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ እቴቴ ሸዋረጋ፣

በቅድሚያ አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል። ፖስታው በሚገባ ተለጥፏል፤ እንዲያውም ከወትሮው እጥፍ ሙጫ ነበረበት።

ስለ ጠየቁኝ ሰው እኔ የማውቀው ነገር የለም። በሥራ ላይ ሳለም የማውቀው በሩቁ ነበር። የሚመለከታቸው ክፍሎች ጉዳዩን በጥንቃቄ እንደሚያዩት አምናለሁ። ለወደፊቱ ስለ ሰው ባይጠይቁኝና በሥራው ብንወሰን እመርጣለሁ። ስለ መፈክሩ ያሉትንም አንብቤያለሁ፤ እኔ ግን ከልቤ ነው የምጽፈው።

የጠየቅሁት እርስዎ እንዳሉት ማረጋጊያውን ነበር። የመጣልኝ ግን እንክብሉ ነው፤ አንድ በርሜል ሙሉ። «ክሎሪን ጠየቅህ፣ ክሎሪን መጣልህ» ተባልኩ። መቀበል ነበረብኝና ተቀበልኩ። ስጠቀምበት ውሃው ጠርቷል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ጠብታው ቢጫ ያሳያል። ደስታዬን ልነግርዎ አልችልም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። በሳምንት ስንት እንክብል ባደርግ ያ ያሉኝ መከማቸት አይመጣብኝም? ሁለተኛው ቀላል ነገር ነው። በመጋዘኑ ግማሽ በርሜል የሚሆን የፊቱ ዱቄት አለ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ «ሁለቱም ክሎሪን ከሆኑ ሁለት በርሜል፣ ሁለት የንብረት ካርድ ለምን ይያዛል? እንክብሉ ይወቀጥና ባንድ ይጠቃለል» ብሏል። ከሚያዝያው የንብረት ቆጠራ በፊት ይደረጋል። እንክብሉ ሲወቀጥ ኃይሉ ይቀንስ ይሆን ወይ ብዬ ነው።

እናትዎ ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን በኑግ ዘይት ያሹታል።

ሁሉም ለአብዮቱ! እናሸንፋለን!
ላቀው የሻው


ሪሚኒ፣ መጋቢት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ላቀው ወንድሜ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን ልተወውና አስቀድሜ ይህን ስማኝ። እንክብሉና ዱቄቱ እንዳይገናኙ! በአንድ በርሜል እንዳይቀመጡ! ባንድ ማንኪያ እንኳ እንዳይዛቁ! ከተገናኙ ይፈነዳል። በቀይ ያሰመርኩበት እንዳታልፈው ብዬ ነው።

ስማቸው አንድ ነው እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ እንክብል በዛቀበት ማንኪያ ዱቄቱን ዛቀ። ማንኪያው ላይ የቀረችው ጥፍር የማትሞላ ነበረች፤ እጁም እርጥብ ነበር። መጀመሪያ እንደ ድመት ፍፍፍ አለ። ከዚያ እሳት ሆነ። ጭሱ ጉሮሮ ይዘጋል። ልጁ ዛሬ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ይህ በማንኪያ ነው፤ በበርሜል ቢሆን መጋዘኑም አይተርፍ።

ያንን ኃላፊ ለምነው፣ እግሩ ላይ ውደቅ። ሁለት ካርድ ቢያዝ ማን ይሞታል? በርሜሎቹን በተለያየ ክፍል፣ በደረቅ ቦታ አስቀምጥ፤ ለየራሳቸው ማንኪያ አድርግላቸው። እንክብሉን እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ተጠቀምበትና አቁም። እስከዚያ በቂ ማረጋጊያ ውሃው ውስጥ ይኖራል፤ ከዚያ ዱቄቱን ማታ ማታ ጨምር።

ቴሌግራም ልልክ ፖስታ ቤት ድረስ ሄጄ ነበር። «አይገናኙ ይፈነዳል» የሚል ቃል ብቻውን ቢደርስህ ማን ምን ይልሃል ብዬ ፈራሁና ተመለስኩ። ደብዳቤ ሁሉን ያስረዳል።

ስለ ሰውየው አልጠይቅህም። መልስህን አንብቤ ሦስት ቀን ምግብ አልበላልኝም። የፈራ ልጅ ጽሕፈት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ።

ቶሎ ጻፍልኝ። «አልተቀላቀለም» ብቻ ብትል ይበቃኛል።
እቴቴ


ሪሚኒ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ላቀው፣

ምነው ዝም አልክ? ከመጋቢት ሦስቱ በኋላ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልህ፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ፖስታ የሚያመጣው ሽማግሌ ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ያወዛውዛል፣ የለም ለማለት ነው። ሆቴሉ ሊከፈት ስለሆነ መዋኛውን መሙላት ጀምሬያለሁ፤ ማንኪያውን ባነሳሁ ቁጥር ደረቅ መሆኑን ሁለት ጊዜ አያለሁ። በሕይወት እንዳለህ ብቻ ጻፍልኝ።

ሸዋረጋ


ጎንደር፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1975 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ነርስ ይመኙሽ ናት። ለሦስት ሳምንት ትምህርት ወደ ሮም ተልካለች። በጫማዋ ሶል ሥር ደብቃ ነው የምትወስደው፤ ሮም ስትደርስ አድራሻዋን ጨምራ ፖስታ ቤት ትከተዋለች። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልቤ እጽፋለሁ። መፈክር የለበትም።

ከጥሩ ደብዳቤዎ በኋላ የጻፉልኝ አንዱም አልደረሰኝም። የመጋቢቱን ያነበብኩት ሚያዝያ 12 ቀን ነው፤ በሰው ጠረጴዛ ላይ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች መጥተው «ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። በላቸውንም ያሉት ይህንኑ ነው። መንበረን እንኳ አልተሰናበትኳት። አንድ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ መቶ አለቃ ፊት አቀረቡኝ። ደብዳቤዎን አውጥቶ ቀዩን መስመር በእርሳስ ነካ ነካ አደረገና፦

«ማን ናት?» አለኝ።

«የአክስቴ ልጅ ናት ጓድ።»

«"እንዳይገናኙ፣ ከተገናኙ ይፈነዳል።" እነማን ናቸው የማይገናኙት? የሚፈነዳውስ የት ነው?»

እኔ ምን አውቄ? «ላንብበው» ብዬ ለመንኩት። ወረቀቱን አዙሮ ሰጠኝ። ሳነብ የፈራሁት ስለራሴ አልነበረም። ቆጠራው በማግሥቱ ነበርና፣ የመጋዘን ጠባቂያችን አያ መለሰ በዚያው ጠዋት እንክብሉን ወቅጦ ከዱቄቱ ጋር እንዲያጠቃልል በማኅተም ታዟል። ሙቀጫውን ራሴ ነኝ ተበድሬ ያመጣሁለት።

«ጓድ፣ መጋዘኑ!» ብዬ ተነሣሁ።

«መጋዘኑ ምን ሆነ?»

«አሁን ይፈነዳል!»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እጄን የፊጥኝ አስረው ማኪና ላይ ጣሉኝ። አዘዞ እስክንደርስ ድረስ የማየው ሰማዩን ብቻ ነበር፤ ጭስ ይታይ እንደሆነ ብዬ። እቴቴ፣ ቢፈነዳ አሸባሪ ነኝ፤ ባይፈነዳ ውሸታም ነኝ። በሁለቱም በኩል መውጫ አልነበረኝም።

የመጋዘኑ በር ከውስጥ ተቆልፏል። «አያ መለሰ! ላቀው ነኝ! ምንም ነገር እንዳትነካ!» ብዬ ጮህኩ። ትንሽ ቆይቶ ተከፈተ።

«ምነው? ምን ሆናችኋል?» አለ አያ መለሰ፣ ጋቢውን እያስተካከለ።

ከኋላው ሁለቱ በርሜሎች ክዳናቸው እንደተገጠመ ቆመዋል። ሙቀጫው ንጹሕ ነው። ከተነጠፈው ጆንያ ሥር የድርሳነ ሚካኤል ጥግ ብቅ ብሏል። ያኔ ቀኑ ትዝ አለኝ። አያ መለሰ በወር በወር፣ በአሥራ ሁለት ቀን፣ አይዝቅም አይወቅጥም። ለሰው ሥራ ላይ ያለ እንዲመስል በሩን ከውስጥ ዘግቶ ሚካኤልን ያከብራል። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ በድንጋጤ ግን ጠፍቶብኝ ነበር።

መቶ አለቃው «የታዘዝከውን ለምን አልፈጸምክም?» አለው።

«አካፋ አጥቼ ነው ጌታዬ።»

አካፋው አጠገቡ ቆሟል። መቶ አለቃው አካፋውን አየ፣ ጆንያውን አየ፣ አያ መለሰን አየ። «ጌታዬ ቀርቷል» ብቻ አለና ወደ እኔ ዞረ። «እስኪ አሳየኝ።»

ፈቱኝ። ከመጋዘኑ ጀርባ በባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ማንኪያ አደረግሁና፣ ከሩቅ ሆኜ በረጅም ሸምበቆ ጠብታ ውሃ አፈሰስኩበት። ምንም አልሆነም። «ይኸው ነው?» አለኝ። ከዚያ ልክ እርስዎ እንደጻፉት ፍፍፍ አለና ቦግ ብሎ ነደደ። ጭሱ ወደ እኛ ዞረ። መቶ አለቃው መነጽሩን አውልቆ እያሳለ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ቆቡ ወደቀ። ሰው ሆኖ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እቴቴ፣ ልቤ ሞላ። የካቲት ላይ በጽሑፍ ሰውየውን አላውቀውም ያልኩት እኔ፣ በዚያች ሰዓት ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ጓድ፣ በላቸውም አሻጥር አልሠራም። ክሎሪኑን የጨረሰችበት ፀሐይ ናት። የአክስቴ ልጅ በጥር ጽፋልኛለች» አልኩት።

ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። «የጥር ደብዳቤዋንም ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ለእሱ ግን ረፍዶ ነበር። የእሱ ጉዳይ ያለቀው ኅዳር ላይ ነው።»

ኅዳር! እኔ ታኅሣሥ ላይ «ሳሕኑ ታጥቦ ይመለሳል፣ ደህና ነው» ብዬ ስጽፍልዎ በላቸው ሞቶ ነበር። ያንን ስንቅ ማን እንደሚበላው፣ ሳሕኑን ማን እንደሚያጥበው አላውቅም።

ምንም እንዳላየሁ፣ ምንም እንዳልሰማሁ አስፈርመው ለቀቁኝ። በርሜሎቹ ተለያዩ። ሚያዝያ 23 መዋኛው ተመረቀ፤ ወለሉ ላይ የወደቀች ስሙኒ ትታያለች። አጨበጨቡልኝ፤ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። ስወጣ ይርገዱን መንገድ ላይ አገኘኋት፤ የጾም ሽሮ በሳሕን ይዛ እየሄደች ነው። «ውሃው ጠራ አሉኝ» አለች፣ ፊቷ በርቶ። «እንግዲህ ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑ ታወቀ። አይለቁትም?»

«ይለቁታል» አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ብነግራት ከማን እንደሰማች ይጠይቋታል፤ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብላት በየቀኑ በደጄ ታልፋለች። ምን ላድርግ?

በፖስታ አይመልሱልኝ።
ላቀው


ሮም፣ ግንቦት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ላቀው፣

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ በባቡር ሮም መጥቼ ይመኙሽን አገኘኋት። ይህን የምጽፈው እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ሻይዋ እየቀዘቀዘ ነው፤ ስትመለስ በእጇ ታደርስልሃለች። በሕይወት መኖርህን ከአፏ እስክሰማ ድረስ እግሬ መሬት አልነካም ነበር። ለአያ መለሰ ጠባቂ ሚካኤል ጧፍ አብርቻለሁ። ለበላቸውም አብርቻለሁ፤ የክርስትና ስሙን ስለማላውቅ ለቄሱ «ፀሐይ ያስገደለችው ልጅ» አልኳቸው።

ደብዳቤ ለሚከፍቱት ሰዎች ብዬ በፖስታ ሌላ ልኬልሃለሁ። መፈክር ሞልቼበታለሁ፤ ስላንተም ሥራ ስለ አብዮቱም ያላልኩት የለም። እንዳታምነው። በመፈክርህ ስቄብህ ነበር፤ ዛሬ እኔም እዚህ ማዶ ተቀምጬ ፈርቼ ጻፍኩት። ይቅር በለኝ።

ይርገዱን ንገራት። እንዳትዘገይ። ለሞተ ሰው ስንቅ እየቋጠረች፣ ሳታለቅስለት፣ ተዝካሩ እያለፈበት መኖር የለባትም። አንተ ከመቶ አለቃው ሰማሁ አትበል። «ጣሊያን አገር ያለች ዘመዴ ወሬ ደርሷት ጻፈችልኝ» በላት፤ ቢጠይቋትም እንዲሁ ትበል። የእኔን ስም በደንብ ያውቁታል፤ ደብዳቤዬ ሁሉ እነሱ ዘንድ ነው።

እናቴ ዳባት እንዳለች አልረሳሁም። ባቡር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት እሷን ነው። ወደ አገሬም በዚህ መንግሥት እንደማልመለስ አውቃለሁ። አስቤበት ነው የምልህ።

ሳሕኑን ይዛ በደጅህ ስታልፍ አስገባት። መንበረ አጠገቧ ትሁን። ከዚያ ሸዋረጋ ጻፈችልኝ በላት።

እቴቴ